ለአሮጌዋ ዲኤክስ አዲስ እግር

በ2016 ዓ.ም. መስከረም ማለቂያ ላይ፣ ካፊያ በያዘው አንድ ማለዳ፣ ቀለበት መንገድ ላይ መኪናዬ ከእጄ ወጣች። ፍጥነቴ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ኩርባው ውስጥ እንደገባሁ ከፊቴ የነበረው ሚኒባስ ተሳፋሪ ለማንሳት ድንገት ቆመ፤ እኔም እግሬን ከነዳጁ ላይ አንስቼ መሪውን በጥቂቱ አጠፍኩ። ሌላ ያደረግኩት ነገር የለም። የመኪናዋ ኋላ ግን ተንሸራቶ ወጣ፤ ግማሽ ዙር ዞራ፣ ፊቷን ወደመጣንበት አድርጋ፣ የመሀል አካፋዩን ለመንካት አንድ ክንድ ሲቀራት ቆመች። ከኋላ የተቀመጠችው ልጄ አላለቀሰችም። «አባዬ፣ ለምን ዞርክ?» ነው ያለችኝ።

ለዚህ ጥያቄ ተገቢውን መልስ ለማግኘት ወራት ፈጅቶብኛል። መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1988 የተመረተች ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ በአገራችን አጠራር ዲኤክስ። ከዚያ ቀን ሁለት ወር ቀደም ብሎ «እግሯን አሠርቼ» ነበር። ማለትም አንድ ጋራዥ ወስጄ ከፍ አስደርጌያት፣ ጠንካራ ናቸው የተባሉ አሞርዛተሮች አስገብቼላት፣ ሰፋ ያለ ቸርኬም ገዝቼላት ነበር። ገንዘቡን የከፈልኩት አያያዟ እንዲሻሻል ነው፤ ያገኘሁት ግን ከበፊቱ የባሰች መኪና ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው እኔ በተገላቢጦሽ የሄድኩበትን መንገድ ሌላው ባለመኪና ከትክክለኛው ጫፍ እንዲጀምረው ነው።

ጉዳዩ የእኔ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖች ላይ እንደ ዕድሜያቸው ከባድ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የመለዋወጫ ዋጋ ወዴት እንደሄደ ሶማሌ ተራ የደረሰ ሁሉ ያውቀዋል። በእጁ ዲኤክስ ያለው ሰው ገና ብዙ ዓመት አብሯት ይኖራል ማለት ነው። ብዙዎቻችን ደግሞ ሞተሩ ሲያጨስ እንጂ እግሩ ሲዝል አንደነግጥም። ሞተር ሲበላሽ መኪናው ይቆማል፤ እግር ሲበላሽ ግን መኪናው መሄዱን አያቆምም፤ አደጋውም ያለው እዚያ ላይ ነው።

በመኪናዋ ሥር ያለው

ዲኤክስ የምንላቸው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። ኢ70 የሚባለው የቀድሞው ትውልድ በኋላ ጎማ የሚነዳ ሲሆን ከኋላ አንድ ወጥ አክሰል አለው። እ.ኤ.አ. በ1983 የመጣው ኢ80 እና በ1987 የተከተለው ኢ90 ግን ባለአራት በር የቤት መኪኖቻቸው በፊት ጎማ የሚነዱ ናቸው። ከዚህ በታች የምናገረው ስለ እነዚህ ሁለቱ፣ በተለይም ስለ ኢ90 ነው። ልዩነቱ ዕቃ ሲገዛ ዋጋ ያስከፍላል፤ ለምሳሌ የኢ70 ቸርኬ አራት ብሎኖች በ114.3 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ የተቀመጡ ሲሆን የኢ90 ግን በ100 ሚሊ ሜትር ላይ ናቸው። አንዱ ለሌላው አይሆንም።

የኢ90 ፊትም ኋላም ማክፈርሰን በሚባለው አሠራር የተሠራ ነው። ስያሜው የመጣው ኧርል ማክፈርሰን ከተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ሲሆን፣ አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ1950 አካባቢ በአውሮፓ በተሠሩ የፎርድ መኪኖች ላይ ከዋለ ወዲህ በትንንሽ መኪኖች ዘንድ የተለመደ ሆኗል። አሞርዛተሩና ሞላው አንድ ላይ ቆመው ላይኛው ጫፋቸው ከአካሉ ጋር፣ ታችኛው ከጎማው ተሸካሚ ጋር ይታሰራል፤ ከሥር ብራቾው ጎማውን በቦታው ይይዛል። ከኋላ በብራቾው ፈንታ በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ቀጫጭን አግድም ዘንጎችና ወደ ፊት የሚዘረጋ አንድ ዘንግ አሉ። የእነዚህ ሁሉ ጫፍ ጎሚኒ ነው፤ በብረት ቀለበት ውስጥ የታሰረ ላስቲክ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። አሞርዛተሩ ማርገብ ብቻ ሳይሆን ጎማውን አቁሞ የሚይዝ ምሰሶም ነው። ስለዚህ ዘንጉ የላላ አሞርዛተር መኪናዋን ከማንሳፈፉ በላይ የጎማውን አቋም ራሱን ይለውጣል። ከኋላ ያሉት የስድስቱ ዘንጎች ጎሚኒዎች ሲበሉ ደግሞ የኋላ ጎማዎች ያለ ሾፌሩ ትእዛዝ በጥቂቱ ይዞራሉ። ያን ማለዳ ከነዳጁ ላይ እግሬን ሳነሳ ክብደቱ ወደ ፊት ተሻገረ፤ የቀለሉት የኋላ ጎማዎች በተበላ ጎሚኒ ላይ ተንጋደዱ። ለልጄ ጥያቄ የመልሱ ግማሽ ይኸው ነው። ሌላው ግማሽ ጎማው ነበር።

ከመሬት የሚነካው ጎማ ብቻ ነው

የመጀመሪያው ገንዘብ የሚገባው ለጎማ ነው። ጎማ መሬት የሚነካው በእጅ መዳፍ በሚያህል ቦታ ነው፤ አራቱ መዳፎች ካልያዙ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። የእኔ የኋላ ጎማዎች ጥርሳቸው ያማረ ነበር። ጎማው ጎን ላይ በትንሽ ሞላላ ክፈፍ ውስጥ የተጻፉትን አራት አኃዞች ግን አላነበብኩም ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆች አቆጣጠር ይናገራሉ፤ 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። የእኔዎቹ 0914 ይሉ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ተኩል! ላስቲክ ሳይነዳም ያረጃል፤ በተለይ ውጭ በሚያድር መኪና ላይ የደጋው ፀሐይ ያደርቀዋል። በደረቅ አስፋልት ይህ አይታወቅም፤ በመጀመሪያው ካፊያ ግን የደረቀ ጎማ እንደ ሳሙና ነው።

ኢ90 ዲኤክስ ብዙውን ጊዜ ከፋብሪካ የወጣችው 155 ስፋት ባለው ባለ 13 ጎማ ነው። እውነተኛ ማሻሻያ የምለው ወደ 175/70 አር 13 መሄድን ነው። የ155/80 ሙሉ ቁመት 578 ሚሊ ሜትር ሲሆን የ175/70 ደግሞ 575 ነው፤ ልዩነቱ ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ የፍጥነት መለኪያው አይዛባም፤ ማርሹም አይከብድም። የጎኑ ቁመት ከ124 ወደ 122.5 ቢወርድ ነው፤ ኮብልስቶኑን እንደ ድሮው ይውጠዋል። መሬት የሚይዘው ስፋት ግን ይጨምራል፤ በነባሩ 5 ኢንች ቸርኬም በደንብ ይቀመጣል።

ባለ 15 ቸርኬና 195/50 ጎማ ያደረጉ ዲኤክሶችን በየሰፈሩ እናያለን። ቁመቱ 576 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በሒሳብ ይገጥማል። የጎኑ ቁመት ግን 97 ሚሊ ሜትር ተኩል ብቻ ነው፤ ከጉድጓድ ጠርዝ ጋር ሲጋጭ ቸርኬውን የሚከላከለው ላስቲክ በሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ቀንሷል። አራት ቸርኬ ገዝቼ ሁለቱን ያጣመምኩ ሰው ስለሆንኩ ይህን በሐዘን ነው የምጽፈው። በዚያ ላይ ወደ ውጭ የወጣ ቸርኬ ኩሽኔታውን ያስጨንቃል፤ መሪውንም በየቦዩ ይጎትታል። መካከለኛ መንገድ የሚፈልግ 185/60 አር 14 ያድርግ። እኔ ወደ 13 ተመልሻለሁ።

የአየር ግፊቱ በሾፌሩ በር አካባቢ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ፤ ወረቀቱ ከጠፋ የመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ ላይ ይገኛል። መለካት ያለበት ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። ጎሚስታዎቻችን ብዙውን ጊዜ «ለመንገዱ ይሻላል» እያሉ አብዝተው ይሞላሉ፤ በጣም የተሞላ ጎማ በመሀሉ ብቻ ይሄዳል። ወደ ቆላ ሲወረድ አየር መቀነስ ያስፈልጋል የሚሉም አሉ። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ገደማ፣ አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ናቸው። ሲወረድ የውጭው አየር ስለሚከብድ መለኪያው አንድ ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ይቀንሳል፤ የቆላው ሙቀት ደግሞ ያንኑ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ይጣፋሉ፤ ምንም መንካት አያስፈልግም።

ያለቀ ጎማ ከመጣሉ በፊት ይመርመር። ስለ እግሩ የሚነግረውን ያህል የሚነግር መሣሪያ የለም። ሁለቱም ዳር ካለቀ አየር አንሶት ነበር። አንዱ ዳር ብቻ ለስልሶ ካለቀ ጎማው ወደዚያ ወገን ያዘነበለ ነው። እጅ ሲዳብሰው በአንድ አቅጣጫ እንደ መጋዝ የሚቧጭር ከሆነ የፊትና የኋላ ክፍተቱ፣ ቶ የሚባለው፣ ተዛብቷል። እዚህም እዚያም እንደ ማንኪያ የተቦረቦረ ከሆነ ግን አሞርዛተሩ ሞቷል።

ጎሚኒ፣ ርካሹና የተናቀው

ከአደጋው በኋላ መኪናዋን ወደ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ወሰድኳት። ጋሼ ጉድጓዱ ውስጥ ወርደው በአንድ ረጅም ብረት የኋላውን ዘንጎች እየፈለቀቁ አሳዩኝ። ላስቲኩ ከብረቱ ተላቆ እንደ አሮጌ ማስቲካ ይለጠጥ ነበር። «አዲሱን አሞርዛተር እዚህ ላይ ነው የጫንክበት?» አሉኝ። ጥርሱ በወለቀ ሰው አፍ ውስጥ አጥንት እንደ መክተት ነው ብለው ሳቁብኝ።

የኋላዎቹን ሁሉ፣ የፊት ብራቾ ጎሚኒዎችን፣ ሁለቱን ቦል ጆይንትና የመሪውን ቴስቲኒዎች አንድ ላይ ቀየርን። ለዚህ ሁሉ የወጣው ገንዘብ ቀደም ሲል ለአራቱ ቸርኬዎች ካወጣሁት ያነሰ ነበር።

ከጋሼ የተማርኩትን አንድ ነገር እያንዳንዱ ባለመኪና ቢያውቀው እወዳለሁ። አዲሶቹን ጎሚኒዎች ካስገቡ በኋላ ብሎኖቹን በእጅ ብቻ አስገቡ እንጂ አላጠበቁም። መኪናዋን ከክሪኩ አውርደው፣ በአራት ጎማዋ ጉድጓዱ ላይ አቁመው፣ እኔን ሾፌር ወንበር ላይ አስቀምጠው ነው ከሥር ያጠበቁት። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጎሚኒ እንደ ኩሽኔታ አይሽከረከርም፤ ላስቲኩ ራሱ እየተጠመዘዘ ነው የሚሠራው። ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ብሎኑ ከጠበቀ፣ መኪናዋ ስትወርድ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይቀራል፤ ቆማም ብትውል እንደተጠመዘዘ ነው። እንዲህ የታሰረ ጎሚኒ ዕድሜው አጭር ነው፤ ባለቤቱም «ዕቃው ፎርጂድ ነበር» ብሎ ሻጩን ይረግማል። ጋራዥ ውስጥ ቆሞ ይህን አንድ ነገር መጠየቅ ብቻውን የሥራውን ዋጋ ይመልሳል።

ውጭ ዘመድ ያላቸው ሰዎች ከላስቲክ ይልቅ ፖሊዩሪቴን የሚባለውን ጠንካራ ጎሚኒ ያስመጣሉ። ለውድድር መኪና ጥሩ ነው፤ መሪው ስል ይሆናል። ነገር ግን ቅባት ካጣ ይጮኻል፤ የኮብልስቶኑን ንዝረትም ሳይቀንስ ወደ አካሉ ያሳልፋል። ሠላሳ ዓመት ያለፈው የአካል ብየዳ ያንን ንዝረት ቢተርፈው ይሻላል።

አሞርዛተርና ሞላ

መከለያውን በእጅ ተጭኖ ለቅቆ፣ «አንዴ ብቻ ነጠረች፣ ደህና ናት» ማለት የቆየ ልማድ ነው። የሚያሳየው ግን ግማሹን ብቻ ነው። የመኪና አካል በሞላው ላይ ሲወዛወዝ በሰከንድ አንድ ጊዜ ወይም ከዚያ ጥቂት በለጥ ያለ ነው፤ እጃችን የሚፈትነው ይህንን ነው። ጎማው ራሱ ግን በተበጣጠሰ አስፋልት ላይ በሰከንድ ከአሥር ጊዜ በላይ ይዘላል። ያለቀ አሞርዛተር የመጀመሪያውን እያረገበ ሁለተኛውን ሊተው ይችላል። ያን ጊዜ ጎማው መሬቱን እየነካ እየለቀቀ ይሄዳል፤ ፍሬን ሲያዝ መኪናዋ አትቆምም፣ ኩርባ ላይም ወደ ጎን ትንፏቀቃለች። ስለዚህ ከእጅ ሙከራው ይልቅ ዓይን ይሻላል፤ ዘይት ያወረደ አሞርዛተር አልቋል። ጎማው የተቦረቦረም እንዲሁ።

ሲቀየር ጥንድ ጥንድ ነው፤ ግራውን አዲስ ቀኙን አሮጌ ማድረግ አይገባም። የጃፓኑ ካያባ ለዚህች መኪና የተለመደውን ባለዘይትና በጋዝ የተሞላውን ሁለቱንም ዓይነት ሠርቷል። ባለጋዙን እመርጣለሁ። በተከታታይ ጉብታ ላይ ዘይቱ አረፋ እንዳይሠራ ስለሚያደርገው ረጅም ሻካራ መንገድ ላይ አይዝልም። በስም ብቻ «ጠንካራ» እየተባለ የሚሸጥን ግን ተጠንቀቁ። የመጀመሪያዎቹ የእኔ አሞርዛተሮች ጠንካራ ነበሩ፤ ጉብታ ሲመታቸው ስለማይታጠፉ ጎማው ከመሬት ይነሣ ነበር። ጠንካራነት ስሜቱ ነው እንጂ መያዝ አይደለም። ከላይ ያለውን መቀመጫ ጎማና የፊቱን የላይ ኩሽኔታም አብሮ መቀየር ይገባል፤ ለዚያ ሲባል ዳግመኛ ማስፈታት የእጅ ዋጋ ብክነት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የአሞርዛተሩ ላይኛው መሀል ዳዶ ሞላው በማጨመቂያ ሳይታሰር በፍጹም አይፈታም። የታመቀ ሞላ ሲፈታ ሰው ይገድላል። ጓሮ ውስጥ በሽቦ አስረው የሚሞክሩ ልጆች አይቻለሁና ነው።

ከፍ ስለማስደረግ ጉዳይ ብዙ ሰው እንደማይስማማኝ አውቃለሁ። ጉብታው፣ የተነሣው የጉድጓድ ክዳን፣ በክረምት የሚሸረሸረው የሰፈር መግቢያ ሥሯን ይፍቃታል። ስለዚህ በሞላውና በመቀመጫው መካከል ወፍራም ጎማ ወይም ብረት ይገባል፤ መኪናዋ አምስት ሴንቲ ሜትር ትነሣለች፤ ሁሉም ይደሰታል። የሚከፈለውን ዋጋ ግን ማወቅ ያስፈልጋል። የዚህች መኪና የክብደት መሀል ከመሬት ግማሽ ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አምስት ሴንቲ ሜትር ማለት አሥር በመቶ ያህል ከፍ ማለት ነው። ኩርባ ላይ ከውስጠኛው ጎማ ወደ ውጨኛው የሚሻገረው ክብደትም በዚያው መጠን ይጨምራል። ሁለተኛ፣ አሞርዛተሩ ቆሞ ሳለ ከወትሮው ተለጥጦ ስለሚውል ወደ ታች የሚዘረጋበት ቦታ ያጣል። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሊገባ ሲል አሞርዛተሩ ጫፉ ላይ ደርሶ «ቋ!» ይላል፤ ጎማው አየር ላይ ይቀራል። የእኔዋ ኋላ ያን ማለዳ እንዲያ ሳይሆን አልቀረም። ሦስተኛ፣ ጎማዎቹ ከላይ ወደ ውጭ ያዘነብላሉ፤ ወደ ፊት ጎማዎች የሚሄደው ሲቪ ጆይንትም ከልኩ በላይ ታጥፎ ይውላል።

ጎማዎቹን አስወጣኋቸው። ከዚያም ያልጠበቅሁት ነገር ታየ። መኪናዋ ዝቅ ትል የነበረው ከጅምሩ ሞላዎቹ ረግበው ነው። ከቸርኬው መሀል እስከ መከለያው ጠርዝ በሜትር ብንለካ የሾፌሩ ወገን ከሌላው በሁለት ሴንቲ ሜትር ያንስ ነበር። ደረጃውን የጠበቀ ሞላ ስናስገባ ስፔሰር ሳይኖር የፋብሪካ ቁመቷን አገኘች፤ ለሰፈሬ ጉብታም ያ በቃት። መጀመሪያ ሞላው ቢለካ ኖሮ ከፍ የማስደረግ ጥያቄም አይነሣም ነበር። ሞላ ቆርጦ ዝቅ ማድረግ ደግሞ በእኛ መንገድ የሚያዋጣ ነገር አይደለምና አልሄድበትም።

ማስተካከያው

አላይመንት የመጨረሻው ሥራ ነው፤ የመጨረሻ የሚሆነው ግን ሊዘለል ስለሚችል አይደለም። በተበላ ጎሚኒ ላይ የተደረገ አላይመንት ከማሽኑ ወርዶ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ይጠፋል። ከፍ ባስደረግኳት ጊዜ ማንም አላይመንት እንዳስደርግ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ብዙ ቤቶች «ፊት ብቻ ነው የሚስተካከለው» ይላሉ። በኢ90 የኋላውም ቶ ይስተካከላል፤ በዚህች መኪና ደግሞ ቀጥ ብሎ መሄድን የሚወስነው እሱ ነው። የኋላ ጎማዎች ከፊታቸው በጥቂቱ ወደ ውስጥ ሲገቡ መኪናዋ ትረጋጋለች፤ ወደ ውጭ ሲከፈቱ በየኩርባው ጭራዋ ሊቀድማት ይፈልጋል። የእኔዋ የኋላ ቀኝ ጎማ ወደ ውጭ ተከፍቶ ነበር። የፊቱን ቶ ዜሮ ወይም ከዜሮ እጅግ ያልራቀ እንዲያደርጉልኝ ጠየቅኩ። የጎማውን ማዘንበል በተመለከተ ከፋብሪካ ማስተካከያ የላትም፤ አሞርዛተሩን ከጎማው ተሸካሚ ጋር ከሚያስሩት ሁለት ብሎኖች አንዱን መሀሉ በቀጠነ ልዩ ብሎን በመተካት ጥቂት ማግኘት ይቻላል። እኔ አላስፈለገኝም። ወረቀቱን ከማሽኑ አሳትሞ መውሰድ ግን ይበጃል፤ «ተስተካክሏል» የሚል ቃል ስድስት ወር ቆይቶ ማስረጃ አይሆንም።

ከዚህ ወጥቶ ሲኬድ ጎማ የሚያስሩ ልጆች ዳዶውን በረጅም ቧንቧ ረግጠው እንዳያጠብቁ መለመን ነው። ለዚህች መኪና 103 ኒውተን ሜትር ይበቃል። ከመጠን በላይ የተጠበቀ ብሎን ይለጠጣል፤ የፍሬን ዲስኩንም ያጣምማል። ከዚያ ፍሬን ሲያዝ መሪው ሲንቀጠቀጥ ጥፋቱ ወደ እግሩ ይላካል።

የሚቀር ገንዘብ ያለው ሰው ከኋላ ስታቢላይዘር የሚባለውን ባራ ስለ መጨመር ይጠይቀኛል። በፊት ጎማ የምትነዳ መኪና ኩርባ ላይ አፍንጫዋ ወደ ውጭ መሄድ ትወዳለች፤ የኋላ ባራ ያንን ይቀንሳል፤ በደረቅ መንገድ ደስ ይላል። በዝናብ እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሣ ግን ጭራዋን ያስወጣል። ያንን ትርዒት አንድ ጊዜ አይቼዋለሁና አላስገባሁም። የሞተሩን ክፍል አቋርጦ ሁለቱን ምሰሶ የሚያገናኘው ብረት ደግሞ ሲታይ ያምራል፤ ከዚያ ያለፈ ጥቅሙን በመንገድ ፍጥነት ለይቼ አላወቅኩትም።

ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ አንድ እሑድ ጠዋት በአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ ወረድኩ። እ.ኤ.አ. በ2014 ለትራፊክ የተከፈተው ይህ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ መንገድ ለአሮጌ መኪና እግር የሚሆን ጥሩ ፈተና ነው፤ ነፋሱ ከጎን ይመታል፤ ከባድ መኪና ሲታለፍ አየሩ ይገፈትራል። ድሮ በ90 ላይ መሪውን በሁለት እጅ ጨብጬ ትከሻዬ ይዝል ነበር። አሁን በ100 ላይ በጣት ብቻ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ከባድ መኪና ሳልፍ አንዴ ነቅነቅ ትልና ትረጋጋለች። ከኋላ የተቀመጠችው ልጄ ከደብረ ዘይት ጀምሮ እንቅልፍ ወስዷት ነበር።

ስመለስ ከ80 በላይ ሲሆን ከቀኝ ኋላ ስስ ዋይታ ሰማሁ። ወደ ግራ ስታጠፍ ይጨምራል፤ ወደ ቀኝ ስታጠፍ ይጠፋል። ኩሽኔታ ነው፤ በእነዚያ ወደ ውጭ በወጡ ቸርኬዎች የተጎዳው። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሼን ቀጥሬያቸዋለሁ።